በልኣ፦ የዱቤ መዝገቡን ቀዳዳ ስደፍን የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ከሰዓት በኋላ ከመደብሩ ተደወለልኝ። ባንኮኒ ላይ የሚሠራው ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ አንድ ቃል ስጽፍበት ይሞታል» አለኝ። ሌላ ቃል ሲጽፍ ይሠራል፤ ያቺን ሲጽፍ ግን ገጹ ይነጣና ረጅም እንግሊዝኛ ይዘረግፋል። ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። ሳየው ላብ አሰመጠኝ።

መደብሩ አዳማ ውስጥ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች፣ የከተማው ባጃጆች፣ ጋራዦች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው፤ አብዛኛው ሽያጭ ደግሞ በዱቤ ነው። የዱቤ ሲስተሙን ከዓመታት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በፒኤችፒ (የዌብ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ)፣ ገና ሥራውን እየተማርኩ ሳለሁ። ኢንተርኔት ላይ የወጣውም ሾፌሮቹ አዋሽም ይሁኑ ሚሌ በስልካቸው ዕዳቸውን እንዲያዩ ተብሎ ነው።

ቃሏ «በልኣ» ናት። በኦሮምኛ ሰፊ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ ለአይሱዙው ሰፊ ቺንጋ ጠየቀ፤ ልጁም መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ በቁቤ ጻፋት። በቁቤ ስትጻፍ መሃሏ ላይ ሁዻ አለባት፤ ከላይ የምትንጠለጠለዋ አጭር ጭረት። ኪቦርድ ላይ ሁዻን የምንጽፍባት ቁልፍ የነጠላ ጥቅስ ቁልፍ ናት። ዳታቤዝ በሚታዘዝበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል ውስጥ ደግሞ ነጠላ ጥቅስ ጽሑፍ የሚጀመርባትና የሚዘጋባት ምልክት ናት። የእኔ ኮድ የተጻፈውን ቃል እንዳለ ወስዶ ትእዛዙ መሃል ይሰካዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ሁዻዋ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ያለቀ መሰለው፤ የቀረውን «ኣ» እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ሞክሮ ግራ ገባው።

ልጁ ምንም አላጠፋም። የገዛ ቋንቋውን በትክክል ጻፈ። ግን አንድ ሰው ሳያውቅ በአንድ ቃል ገጹን መስበር ከቻለ፣ አውቆ የሚጽፍ ሰው የፈለገውን ማዘዝ ይችላል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ይኸው ነው። ኤረሩም ቢሆን የሰንጠረዡን ስም ሳይቀር አደባባይ አውጥቶታል።

ዛሬ ማታ ያደረግኩት ሦስት ነገር ነው። የዳታቤዙን ሙሉ ባክአፕ ወሰድኩ። ኤረር ወደ ሎግ ፋይል እንጂ ወደ ስክሪን እንዳይወጣ ሰርቨሩ ላይ ዘጋሁ። ከዚያ ለባለቤቱ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የሾፌሮቹን ገጽ ለአንድ ሳምንት ላውርደው፤ ምክንያቱን መጥቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ ካልክ አውርደው» አሉኝ። ኤረር መደበቅ መጋረጃ ነው፤ ቀዳዳውን አይደፍንም። እስክሠራው ድረስ ግን ያንን ገጽ ክፍት ትቼ መተኛት አልችልም።

እሑድ ጠዋት

ሲስተሙን ከነዳታቤዙ ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩት። የደንበኞቹን ስምና ስልክ በፈጠራ ስም ቀየርኩ። ሙከራ የማደርገው እዚህ ብቻ ነው። ኮዱ የእኔ ቢሆንም ሰርቨሩ የሌላ ሰው ነው፣ ዳታውም የሰዎች ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። «ልሞክረው ብዬ ነው» ማለት አያዋጣም። በሰው ገጽ ላይ ነጠላ ጥቅስ እየጻፋችሁ የምትፈትሹ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ፤ በራሳችሁ ኮፒ ላይ ሞክሩ።

መጀመሪያ መግቢያው። ኮዱ የሚልከው ትእዛዝ ባጭሩ እንዲህ ነው (በላቲን የሚጻፈውን በእኛ ፊደል ላስቀምጠው)፦

ሰሌክት * ፍሮም ሠራተኞች ዌር ስም = 'የተጻፈው ስም' ኤንድ ፓስወርድ = 'የተጻፈው'

ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ ' ኦር 1=1 -- ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ጥቅስ ጽሑፉን ዘጋችው። 1=1 ሁልጊዜ እውነት ነው። ሁለቱ ሰረዞች ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አስተያየት ያደርጉታል፤ የፓስወርዱ ጥያቄ ጭራሽ አልተነበበም። ማይኤስኪውኤል ላይ ከሰረዞቹ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ከሌለ አይሠራም። እሷን ረስቼ ትንሽ ስፈራገጥ ቆየሁ፤ ከዚያ ገባሁ። የገባሁት በማን ስም ነው? በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ባለው። እሱም ባለቤቱ ናቸው፤ ዕዳ መሰረዝ የሚችለው ብቸኛው ሰው።

ቀጥሎ የዕቃ መፈለጊያው። እዚያ ዩኒየን በሚለው ቃል ሌላ ጥያቄ ቀጠልኩበት። የዓምዶቹ ቁጥር እስኪገጥም ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በአራተኛው የካንዴላና የኩሽኔታ ዋጋ በሚወጣበት ገጽ ላይ የሠራተኞቹ ስምና ፓስወርድ ተደርድሮ ወጣ። ፓስወርዶቹ በኤምዲ5 (ፓስወርድን ወደማይነበብ ጽሑፍ በሚቀይር የድሮ ስሌት) የተቀየሩ ናቸው፤ ያ ደግሞ ዛሬ እንደ ጥበቃ አይቆጠርም፤ ቀላል ፓስወርድ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ይፈታል።

ፊልም ላይ እንደሚታየው ሰንጠረዥ የማጥፋት ትእዛዝ አስከትዬም ሞከርኩ። አልሠራም። ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበት ማይኤስኪውኤልአይ ተራው የመጠየቂያ ፈንክሽን በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው። ሰዎች ይህን አይተው «ስለዚህ አደጋ የለውም» ይላሉ። እኔ የምፈራው ግን መጥፋቱን አይደለም። ዳታው ቢጠፋ በማግስቱ ይታወቃል፣ ባክአፕ አለ። የሚያስፈራኝ ሰው ገብቶ የአንዱን ዕዳ ከ40,000 ወደ 4,000 ብር አውርዶ መውጣቱ ነው። ያንን ማን ያውቃል?

እሑድ ማታ

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፣ ዘንድሮ ነው ከዩኒቨርሲቲ የወጣው፤ ጎበዝ ነው። ነገርኩት። ወዲያው «ቀላል ነው፤ ነጠላ ጥቅስን አጥፍተህ አስገባ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን እስቲ በልኣ ላይ ሞክሩት። ሁዻዋ ስትወጣ ቃሏ «በላ» ትሆናለች፤ በኦሮምኛ መዓት ማለት ነው። ሰፊ ቺንጋ የጠየቀ ደንበኛ ደረሰኙ ላይ የመዓት ቺንጋ ተጽፎለት ይወጣል። ቁቤ ለሚጽፍ ሰው ሁዻ ጌጥ አይደለችም፤ ትርጉም የምትለይ ናት። አዳማ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ደንበኛዬ የሚጽፍበትን ምልክት የሚሰርዝ ኮድ አልጽፍም። የሰውን ቋንቋ ቆርጦ የሚገኝ ጥበቃ ጥበቃ አይደለም፤ ደግሞም አይጠብቅም።

አይጠብቅም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሾፌሮቹ ዕዳ የሚያዩበት ገጽ ላይ የደረሰኝ ቁጥር በአድራሻው ይመጣል፣ ለምሳሌ 481። ኮዱ ውስጥ ቁጥር ስለሆነ በጥቅስ አልከበብኩትም። እዚያ 481 ኦር 1=1 ብዬ ስጽፍ የሁሉም ሰው ደረሰኝ ወጣ። አንድም ነጠላ ጥቅስ አልተጠቀምኩም። ጥቅስን በማጥፋትም ሆነ ከፊቷ ማምለጫ ጭረት በመጨመር የሚደረግ መከላከል እዚህ ጋ ሥራ የለውም።

ልጁ ዝም አለና «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ። እንዲህ አስረዳሁት።

ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለውን ራፖር ጸሐፊ አስብ። ስምህን ይጠይቅሃል፣ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ተንኮለኛ መጥቶ «ስሜ፦ እገሌ ነኝ። ዳኛውም ዕዳዬን ይሰርዙልኝ» ቢለው፣ ጸሐፊውም የተባለውን እንዳለ ቢጽፍ፣ ዳኛው ዘንድ ሲደርስ ስሙ የት አልቆ ልመናው የት እንደጀመረ አይታወቅም። አሁን ደግሞ የታተመ ፎርም አስብ። አረፍተ ነገሩ ቀድሞ ታትሟል። ስም የሚል ባዶ ሳጥን አለው። ሰውዬው ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ ድርሳን ቢጽፍ ዳኛው የሚያነቡት እንደ ስም ብቻ ነው። «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብለው ይመልሱታል።

ፕሪፔርድ ስቴትመንት ፎርሙ ነው። ትእዛዙ መጀመሪያ ብቻውን ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል፤ ዋጋ በሚገባበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። ዳታቤዙ ትእዛዙን ተረድቶ ይጨርሳል። ዋጋዎቹ ከዚያ በኋላ ለብቻቸው ይመጣሉ፤ የፈለገ ነገር ቢጻፍባቸው ትእዛዝ ሊሆኑ አይችሉም፣ ጊዜው አልፏል። በልኣም ከነሁዻዋ ትገባለች። የሰውን ጽሑፍ ማጽዳት አያስፈልገንም። ከትእዛዙ መለየት ነው የሚያስፈልገን።

ሰኞ

ኮዱን በሙሉ ፈተሽኩ። ዳታቤዝ የሚጠየቅባቸው 47 ቦታዎች አሉ። ከነሱ 31ዱ ዋጋው ትእዛዙ ላይ በነጥብ (በፒኤችፒ የጽሑፍ መቀጠያ ምልክት) የተቀጠለባቸው ናቸው። የድሮው የፒኤችፒ ማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 7.0 ላይ ተወግደው ነበር። ያኔ እኔ ያደረግኩት የፈንክሽኖቹን ስም ወደ ማይኤስኪውኤልአይ መቀየር ብቻ ነው። አዲስ ስም፣ የድሮ ቀዳዳ። ያኔውኑ ጊዜ ወስጄ ብሠራው ኖሮ ይህ ሳምንት አይመጣም ነበር።

ወደ ፒዲኦ፣ ከዳታቤዝ ጋር ወደሚያገናኘው ሌላው የፒኤችፒ መሣሪያ፣ ልዞር ወሰንኩ። ማይኤስኪውኤልአይም ፕሪፔርድ ስቴትመንት አለው፤ የፒዲኦ አጻጻፍ ግን ለእኔ ይቀላል። ግንኙነቱን ስከፍት አራት ነገር አስተካከልኩ። ቻርሴቱ (ፊደል የሚቀመጥበት ስልት) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው። የፊደላችን ሆሄ በሦስት ባይት ስለሚጻፍ በድሮው ዩቲኤፍ8ም ይገባል፤ ኢሞጂ ግን አራት ባይት ይፈልጋል፣ ሾፌሮቹ ደግሞ ማስታወሻ ላይ ኢሞጂ ይወዳሉ። ኤረር ሥራውን በሚያቆም ኤክሴፕሽን እንዲወጣ አደረግኩ። ሦስተኛው ማስመሰያውን ማጥፋት ነው፦ ፒዲኦ ለማይኤስኪውኤል በነባሪው ፕሪፔር ያደረገ መስሎ ዋጋዎቹን ራሱ ትእዛዙ ውስጥ ሰክቶ ይልካል። ጥቅሶቹን በአግባቡ ስለሚያስተካክል ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን እውነተኛውን ፎርም ነው የምፈልገው። አራተኛው ያ ትናንት ያዳነኝ ነገር ነው። ፒዲኦ በነባሪው ብዙ ትእዛዝ ተከታትሎ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ሳላውቅ ብዞር ኖሮ አንዱን በር ዘግቼ ሌላውን መክፈቴ ነበር። ዘጋሁት።

መግቢያውን ጨረስኩ። እግረ መንገዴን ፓስወርዱን ከኤምዲ5 አውጥቼ ወደ ፒኤችፒው ፓስወርድ_ሃሽ አዛወርኩት። ከዚያ ማንም መግባት አልቻለም! አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ዓምዱ ለኤምዲ5 ተብሎ 32 ፊደል ብቻ ነበር የሚይዘው፤ አዲሱ 60 ነው፤ ዳታቤዙ ግማሹን ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ዓምዱን 255 አደረግኩትና ሠራ።

ልቀጥል ስል መብራት ሄደ። ነፋሱ ዛሬ ከባድ ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ተኛሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ከባዱ ቀን ነበር። ቀላሎቹን 20 ያህል ቦታዎች በሁለት ሰዓት ጨረስኩ። ጊዜዬን የበሉት ሦስት ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይቸገር በደንብ ልጻፋቸው።

አንደኛው ፍለጋው። ላይክ በሚለው ቃል ከፊል ስም እንፈልጋለን፤ ከፊትና ከኋላ % ይደረጋል። የጥያቄ ምልክቷን በ% ከብቤ በጥቅስ ውስጥ አስገባኋት፤ ምንም አይመጣም። ለካ በጥቅስ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ተራ ፊደል ናት፤ ቦታ ያዥ አይደለችም። %ዋ ከዋጋው ጋር መሄድ አለባት፤ ትእዛዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክቷ ብቻዋን ትቀራለች። ሌላም አለ። ሰው ራሱ ሳጥኑ ውስጥ % ብሎ ቢጽፍ ሁሉም ይመጣለታል። ይህ ኢንጀክሽን አይደለም፣ ግን ሙሉ የደንበኛ ዝርዝር በአንድ ምልክት መውጣት የለበትም። ስለዚህ ተጠቃሚው የጻፋቸውን % እና የታች ሰረዝ እንደ ተራ ፊደል እንዲቆጠሩ አደረግኩ። በስም ወይም በስልክ ስፈልግ ደግሞ አንዱን የፓራሜትር ስም ሁለት ቦታ ተጠቅሜ ነበር፤ ማስመሰያው ሲጠፋ ይህ አይፈቀድም። ሁለት ስም ሰጠኋቸው።

ሁለተኛው አደራደሩ። ዕቃዎቹ በዋጋ ወይም በስም ይደረደራሉ፤ ምርጫው በአድራሻው ይመጣል። የዓምዱንም ስም በጥያቄ ምልክት ላኩት። ኤረር የለም። ግን አይደረደርም። ይህቺ ክፉ ናት፣ ምክንያቱም የሠራች ትመስላለች። ፎርሙ ላይ መሙላት የሚቻለው ዋጋ ብቻ ነው። የዓምድ ስም፣ የሰንጠረዥ ስም፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለው ትእዛዝ የፎርሙ ሕትመት ነው፤ በሳጥን አይሞላም። መፍትሔው የተፈቀዱትን ስሞች ራሴ ኮዱ ውስጥ መዘርዘር ነው፦ ስም፣ ዋጋ፣ ቀን። የመጣው ከነዚህ አንዱ ካልሆነ በስም ይደረደራል። ከተጠቃሚው የመጣው ፊደል ራሱ ትእዛዙ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው እኔ የጻፍኩት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ደረሰኝ መርጦ በአንዴ የመክፈል ገጽ። የባንኮኒው ልጅ አምስት ደረሰኝ ምልክት ያደርጋል፣ ኮዱ በነጠላ ሰረዝ ገጣጥሞ ይልካል። አንድ የጥያቄ ምልክት አምስት ዋጋ አይሸከምም። በተመረጡት ቁጥር ልክ የጥያቄ ምልክት ማብዛት ነው። ምንም ካልተመረጠ ባዶ ቅንፍ ይሆንና ትእዛዙ ይበላሻል፤ ያንን ቀድሜ ፈተሽኩ።

የሾፌሮቹንም ገጽ ሠራሁ። 481 ኦር 1=1 አሁን የሁሉንም ሰው ደረሰኝ አያወጣም። ግን 482 ብዬ ብጽፍ የሌላ ሰው ደረሰኝ ይመጣል። ፕሪፔርድ ስቴትመንት ይህን አይፈታም፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ችግሩ የማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ከገባው ስልክ ባለቤት ጋር እንዲገጥም ሁኔታ ጨመርኩ። ይህን ቀዳዳ ያገኘሁት ሌላውን ስፈልግ ነው።

ረቡዕ

31ዱም አለቁ ብዬ ላፕቶፔ ላይ ሙሉ የቀን ሥራ አስመሰልኩ። ዕቃ መዘገብኩ፤ መግለጫው ላይ በልኣን ከነሁዻዋ። ገባች። ፈለግኳት፤ ተገኘች። ደስ አለኝ። ሸጥኩ፣ ዱቤ መዘገብኩ፣ ከዚያ የቀኑን ሪፖርት አዘዝኩ።

ሪፖርቱ ሞተ።

ገልጬ ሳየው ሪፖርቱ መጀመሪያ የተሸጡትን ዕቃዎች መግለጫ ከዳታቤዙ ያወጣል፤ ከዚያ ያንኑ መግለጫ ይዞ ሌላ ጥያቄ በነጥብ ቀጥሎ ይሠራል። ትናንት ሳልፈው «ይሄ ከተጠቃሚ አይደለም የመጣው፣ ከራሴ ዳታቤዝ ነው» ብዬ ነበር። ግን ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባው ማን ሆነና? ሰው ነው። ተጠንቅቄ ያስገባሁት ነገር ሲወጣ ያው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ማደሩ አያጸዳውም። ሁለተኛ ደረጃ ኢንጀክሽን ይሉታል። የጻፈው ሰው ዛሬ ይጽፋል፣ ጉዳቱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ገጽ ላይ፣ ባለቤቱ ሪፖርት ሲያዝዙ ይፈነዳል።

ስለዚህ ሕጌን ቀየርኩ። «ከተጠቃሚ የመጣ ከሆነ» የሚለውን ተውኩት። ማንኛውም ዋጋ ከየትም ይምጣ በጥያቄ ምልክት ይገባል። ከፋይልም፣ ከኩኪም፣ ከራሴው ሰንጠረዥም። እየመረጥኩ ስጠነቀቅ መሳሳቴ አይቀርም። በዚህ ሕግ ስቆጥር «ችግር የለባቸውም» ብዬ ያለፍኳቸው ሌሎች ስድስት ቦታዎች ተገኙ።

በልኣ ሁለቴ ያዘችኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሙከራ ዳታዬ ውስጥ በእያንዳንዱ ሳጥን ትገባለች።

ሐሙስ

ማታ ስለ ቶክቶክ አነበብኩ። የእንግሊዝ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ተሰብሮ የ156,959 ደንበኞች መረጃ ወጣ፤ በዓመቱ የአገሪቱ የመረጃ ተቆጣጣሪ 400,000 ፓውንድ ቀጣው። እኔን የነካኝ የገቡበት መንገድ ነው። ኩባንያው ከዓመታት በፊት ቲስካሊ የሚባል ድርጅት ሲገዛ አብረው የመጡ አሮጌ ገጾች ነበሩ፤ መኖራቸውን በአግባቡ አላወቀም ነበር። ደግሞም ይህ የማጥቂያ ዘዴ ያኔ አዲስ አልነበረም፤ ፍራክ የሚባለው መጽሔት ላይ በይፋ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ኦዋስፕ የሚባለው የዌብ ደኅንነት ድርጅት በሚያወጣው የዌብ አደጋዎች ዝርዝር ላይም ኢንጀክሽን እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ2013 እና በ2017 አንደኛ ነበር።

የማይታወቅ አሮጌ ገጽ። ተነሥቼ ሰርቨሩን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ የፈተሽኩት ጊት (የኮዴን ቅጂና ለውጥ የማስቀምጥበት) ላይ ያለውን ኮድ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ከሱ ጋር ሳስተያይ ሦስት ትርፍ ፋይሎች አገኘሁ። አንዱ «ፍለጋ2» ይላል፤ የዛሬ ስንት ዓመት ለሙከራ ሰቅዬ የረሳሁት ነው። የጥንቱ ኮድ እንዳለ፣ ከቀጥታ ዳታቤዙ ጋር የተገናኘ። ሳምንቱን ሙሉ ስደፍነው የከረምኩት ቀዳዳ ጎን ለጎን ተከፍቶ ተቀምጧል። ሦስቱንም አጠፋኋቸው።

ከዚያ የሰርቨሩን ሎግ አወረድኩ። በአድራሻው ውስጥ ነጠላ ጥቅስና ዩኒየን የሚሉ ጥያቄዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ኢንተርኔቱን እየዞሩ ሁሉን የሚያንኳኩ ቦቶች ናቸው። የደረሱት ዳታቤዝ የማይነኩ ገጾች ላይ ነው፤ «ፍለጋ2»ን የነካ የለም። ግን ሎጉ የሚያሳየኝ በአድራሻ የመጣውን ብቻ ነው። መግቢያው ላይ በፎርም የተላከ ነገር እዚያ አይጻፍም። ስለዚህ ሎጉ ንጹሕ ነው ብዬ ለጋሼ መማል አልችልም። ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ዓርብ

ጠዋት የዳታቤዙን ተጠቃሚ አስተካከልኩ። እስከ ዛሬ ሲስተሙ የሚገናኘው ሁሉ በተፈቀደለት አንድ ስም ነበር። ሰርቨሩ በሚተዳደርበት ገጽ፣ ሲፓነል ላይ ሁሉም ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ ያኔ ቶሎ ይሥራልኝ ብዬ። አሁን ሁለት ስም አለ። የሾፌሮቹ ገጽ የሚገናኝበት ማንበብ ብቻ ይችላል። የመደብሩ ሲስተም ማንበብ፣ መጨመርና ማስተካከል ይችላል። ማጥፋት አይችልም። በመጀመሪያውኑ ዱቤ አይጠፋም፤ ሲከፈል የክፍያ መስመር ይጨመራል እንጂ። ሰንጠረዥ መቀየርና መጣል ለሁለቱም የለም። አንድ ያመለጠኝ ቦታ ቢኖር እንኳ በዚያ የገባ ሰው ጉዳቱ ይጠባል። ይህ ፕሪፔርድ ስቴትመንትን አይተካም፤ ከሱ ኋላ የሚቆም ሁለተኛ አጥር ነው።

ከሰዓት በኋላ መደብሩ ሄድኩ። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዳዳው የእኔ እንደነበር፣ ስንት ዓመት ክፍት እንደቆየ፣ ሰው ገብቶ ይሁን አይሁን ከኮምፒውተሩ ብቻ ማረጋገጥ እንደማልችል። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ወፍራም ደብተር አወጡ። «እኔ መቼ ተውኩት» አሉ። ሲስተሙ ከገባ ጀምሮ እያንዳንዱን ዱቤ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። አላውቅም ነበር።

እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ የባንኮኒው ልጅ ምልክት ያደርጋል። 212 ደንበኛ። ባሌስትራ የወሰደ፣ ፍሪሲዮን የወሰደ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ፊልትሮ ወስዶ የጠፋ። ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆየን። ሁለት ቦታ ላይ አልገጠመም። የአንዱ ደረሰኝ ተፈልጎ ተገኘ፤ ልጁ 1,850ን 1,580 ብሎ መዝግቦት ነው። ሁለተኛው ክፍያ ደብተሩ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ነበር፣ የባንክ ማስተላለፊያው ስልካቸው ላይ አለ። ሌላው ሁሉ እስከ ሳንቲሙ ገጠመ። ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ።

የሠራተኞቹን ፓስወርድ ሁሉ እዚያው አስቀየርኩ። ጋሼ ሲሸኙኝ «ደብተሩንም ልተው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እባክዎን አይተዉት አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አዲሱን ኮድ ሰቀልኩ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ጊት ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጥኩ። የሾፌሮቹን ገጽ ከፈትኩ። የቀረኝ ከክፍያ ማስታወሻ ጋር የሚገናኘው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ፣ እስከዚያ ዳታቤዙን የሚያነበው በማንበቢያው ስም ነው።

ለባንኮኒው ልጅ ደወልኩ። «እስቲ ያቺን ቃል ጻፋት» አልኩት። የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆየ።

«ሦስት አለ» አለኝ። «ሁለቱ ለአይሱዙ ይሆናሉ፣ አንዱ ለሲኖ ትራክ።» ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋው ወደ ደንበኛው ዞሮ በኦሮምኛ ዋጋውን ሲነግረው ሰማሁት።